የጉራቻ ጥርስ

ዘሊካ ቁጡ ናት። ይህን የሚክድ በመንደሩ የለም፤ እሷም አትክድም። «ቁጣዬን ብተወው ምን ይቀረኛል?» ትላለች ሲመክሯት። ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ የቦርከና ወንዝ የጨፋን ሜዳ ታክኮ በሚያልፍበት በኩል፣ በቁልቋል የታጠረ ግቢ አላት። ከግቢው ሥር ማሽላዋ ይዘልቃል። ይህ ነገር በሆነበት ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ፀጉሯ ገና መሸበት መጀመሩ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ወንዝ ይሻገራል። ከብቱን ማሽላዋ ውስጥ የለቀቀ ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ከብቱን እዚያው ትቶ ነበር የሚሮጠው።

ደግሞስ ለምን አትቆጣ! ባሏ እንድሪስ የሞተ ሰሞን ዝም ብላ አይታዋለች። ዝም ባለችበት ዓመት የድንበሯ ድንጋይ ወደ ውስጥ ገባ፣ የመስኖ ተራዋ ተዘለለ፣ ዕቃ የተዋሰ ሁሉ መመለሱን ረሳ። በመጨረሻ አንድ ቀን ወጥታ ጮኸች። የዚያኑ ዕለት ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጩኸቱን አልተወችውም።

ከእንድሪስ የቀሯት ሁለት ናቸው። አንዷ ልጃቸው አፍናን ናት፤ ከሚሴ ተድራ ትኖራለች። ሌላው ውሻው ነው። እንድሪስ ባቲ ገበያ ወርዶ ሳለ አንድ የአፋር ከብት አርቢ የሰጠው ቡችላ ነበር፤ በጆንያ ከትቶ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶ አመጣው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጥቁር ስለነበር በአገሬው ኦሮምኛ ጉራቻ አሉት፣ ጥቁሩ እንደ ማለት። ከርከሮ ከወንዙ ዳር ጫካ ወጥቶ ማሽላ ሲገባ፣ ማማ ላይ ከተቀመጠው ሰው ቀድሞ የሚያውቀው ጉራቻ ነው። እንድሪስ ከሞተ በኋላ ማማው ባዶ ሆነ፤ ጉራቻ ግን ከሥሩ አልጠፋም። ዘሊካ ያን ሁሉ ዓመት ማሽላዋን ለማንም የእኩል ሳትሰጥ የበላችው በእሱ ነው።

ይሁን እንጂ ውሻ በዚያ አገር ከደጃፍ አያልፍም። ይጠብቃል፣ ይበላል፤ የሚደባብሰው ግን የለም። ምራቁ የነካውን ነገር ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር ካላጠቡት አይገለገሉበትም። ጥላቻ አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ዘሊካም ሰጋጅ ሴት ናትና ሥርዓቷን አትለቅም። ለጉራቻ የራሱ የተሰበረ ገል ነበረው፤ ምግቡን ከላይ ትጥልለታለች፣ እሱም ይቀልባል። ተግባብተው ነበር የሚኖሩት።

መጀመሪያ ያየችው ነጩን ነው። አንድ ጠዋት አፍንጫው ዙሪያ ነጭ ነገር አየችና አመድ መሰላት። «አንተ ሰነፍ! ሌሊቱን አመድ ላይ ተጋድመህ ነው የምታድር? ከርከሮው ይጠብቅ ማሽላዬን?» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድበት ዋለ፤ ነጩ ግን አልለቀቀም። በዝናቡ ውስጥ ቆማ ስታየው ቆየች። ሽበት ነው። ጉራቻ ሸብቷል! ወላሂ፣ ያናደዳት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ማን ሽበት ፈቀደልህ እንደ ማለት ተመለከተችውና ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ እምቢ ይሉታል፤ በፊቶቹ ይቆምና ጥቂት ጠብቆ ኋለኞቹን ጎትቶ ያስከትላል። ስትጠራው ዝም ይላል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ መስሏት ትሰድበዋለች። አንድ ቀን ግን ከኋላው ሄዳ አጨበጨበች፤ አልዞረም። መሬቱን በእግሯ ስትመታ ያኔ ዞረ፤ ንዝረቱ ነው የደረሰው እንጂ ድምፁ አይደለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እግሯን እየመታች ትጠራው ጀመር። መንገድ አላፊው፣ «ዘሊካ ዛሬ ደግሞ በማን ተናዳ ነው መሬት የምትደበድበው?» ይላል።

ዓይኑም ሰማያዊ ጉም ለበሰ። ምሽት ላይ የግቢውን ምሰሶ ይገጨዋል። አፍናን ከከሚሴ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃትን ልጅ፣ አንገቱን አቁሞ ጮኸባት። ሽታዋ ሲደርሰው ነው ያፈረው፤ ጅራቱን ሸጉጦ ሄደና ከግድግዳው ሥር ተኛ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ተነስቶ ግቢውን ይዞራል፣ ምንም በሌለበት ይጮሃል።

«እናቴ፣ አርጅቷል እኮ» አለቻት አፍናን። «ሌላ ቡችላ ላምጣልሽ?»

«ሌላ እናትስ አታመጪም? እኔም እያረጀሁ ነው!» አለቻት ዘሊካ።

በልቧ ግን ዘሊካ የተናደደችው በልጇ አልነበረም። በእንድሪስ ነበር። ቡችላ አምጥቶ፣ አሳድጎ፣ አስለምዶ፣ ከዚያ ቀድሟት ሄደ። አሁን ደግሞ ያመጣው ውሻ ሊከተለው ዕቃውን እየሸከፈ ነው። እኔስ? እኔ የማን ጠባቂ ነኝ? አለች ለብቻዋ። ደሟ ፈላ።

በገበያ ቀን ከሚሴ ወርዳ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ገባች። ኢርፋን የሚባል ወጣት ነው፤ እጁን እስከ ክርኑ አርሶ በሬ ሲያክም አገኘችው። «ውሻዬ አርጅቶብኛል፤ ምን ላድርግለት?» ስትለው ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ሰው በሬና ግመል ይዞ በሚሰለፍበት ደጅ ለውሻ እርጅና የመጣ አይቶ ስለማያውቅ ነው። ዘሊካ ግን ክፋት ይኑረው አይኑረው ለማወቅ አልጠበቀችም።

«ምን ያስቅሃል? አንተ አታረጅም? ሲያረጁ የሚሳቅበት ከሆነ አባትህ ላይ ጀምር!» ብላ ልክ ልኩን ነገረችው። በሬ የያዙት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ።

ኢርፋን አፈረ። እጁን ታጥቦ መጣና አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «አፉ በይኝ፣ እናቴ» አለ። ቀስ እያለ ጠየቃት፤ ምን ይበላል፣ እንዴት ይነሳል፣ ያለፈው ክረምት መንደራችሁ ስንመጣ ተከትቧል ወይ። ተከትቧል፤ ዘሊካ ራሷ በገመድ ጎትታ ወስዳው ነበር። ለእርጅና መድኃኒት የለውም አላት። ግን ከርጥብ መሬት ላይ አንሺው፣ ደረቅና ሙቅ መኝታ አድርጊለት። ምግቡን አለስልሺ፣ በትንሽ በትንሹ ስጪው፣ ገሉን ከቦታው አታንሺበት፣ በአፍንጫው ለምዶ እንዲያገኘው። በድንገት ከኋላው አትምጪበት፤ ሰው ሲደርስበት ይደነግጥና ሊነክስ ይችላል።

«አፉ ይሸታል? ለሐጩ ይዝረበረባል?» አላት በመጨረሻ።

«ይሸታል። መዝረብረቡንም ጀምሯል።»

«አፉን ከፍቶ ያየለት ሰው አለ?»

«አስተግፊሩላህ! ውሻ አፍ ውስጥ ማን እጁን ያገባል?» አለች ዘሊካ።

«እሱ ነው ችግሩ» አለ ኢርፋን። «ጥርሱ ይሆናል። ስመጣ አይልሻለሁ፤ ግን መቼ እንደምመጣ እንጃ፣ ከብቱ በበሽታ ተይዞብናል።»

ተመልሳ ሥራ ጀመረች። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት፣ የማሽላ አገዳ ደልድላ ጆንያ አነጠፈችበት። ቂጣውን በአሬራ ታርሰዋለች። ሥጋ የቀመሰ አጥንት ሲገኝ ሥጋውን ፍቃ፣ ለእሱ በለየችው ቢላ፣ ድንጋይ ላይ አድቅቃ ትከትፍለታለች። ጉራቻ አንድ ነገር ለመደ። ጎረቤት ቁራጭ ነገር ቢወረውርለት፣ መንገድ ላይ አጥንት ቢያገኝ፣ በከንፈሩ ጫፍ አንጠልጥሎ ያመጣና ደጃፏ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ አገጩን አጠገቡ አስደግፎ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ዘሊካ ቢላዋን ይዛ እስክትወጣ አይነካውም። መንደሩ በሳቅ ሞተ። «ዘሊካ ለውሻ ክትፎ ጀመረች!» አሉ። «አዎ ጀመርኩ፤ ለእናንተ ግን አልከትፍም!» ብላ መለሰችላቸው።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ ሙሀመድኑር፣ የእንድሪስ ታላቅ ወንድም። ቤቱ ከማሽላዋ ማዶ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ እንድሪስ ከሞተ ጀምሮ በየዓመቱ ማሳዋን በራሱ በሬዎች የሚያርስላት እሱ ነው፣ ዘሊካም «አያ» እና «አንቱ» ብላ ነው የምትጠራው። ሌንጮ የሚባል ጎረምሳ ውሻ አለው፤ ሲሮጥ መሬት የሚነካ አይመስልም። ሙሀመድኑር ግን ልጅ ሳለ ታናሽ እህቱን ያበደ ውሻ ነክሶበት፣ ውሃ እያየች ስትጮህ፣ ስትታሰር፣ ስትሞት አይቷል። ውሻ አፉ ረጥቦ ባየ ቁጥር ያ ነገር ይመጣበታል። ስለዚህ የጉራቻን ምራቅ ከሁሉም ቀድሞ ያየው እሱ ነበር።

ማሽላው እሸት ሊሆን ሲል፣ አንድ ጠዋት ሙሀመድኑር በግቢዋ በኩል ሲያልፍ ጉራቻ መንገዱ ዳር ፀሐይ ላይ ተኝቷል። ድምፁን አልሰማ፤ ጥላው ሲያርፍበት ደንግጦ ዘለለና የሽርጡን ጫፍ ለቀም አደረገው። ጨርቁን ብቻ ነው የያዘው። ወዲያውም ለቀቀው። ሽርጡ ላይ የቀረው ግን ምራቅ ነው፤ ቢጫ፣ ክር የሚስብ ምራቅ።

«አብዷል!» ብሎ ጮኸ ሙሀመድኑር። «ጉራቻ አብዷል! ልጆቻችሁን ሰብስቡ!»

ሰው ዱላ ይዞ መጣ። የዘሊካ ግቢ በር ላይ ተደረደሩ። ሸህ አብዱልጀሊልም፣ የመስጊዱ ኢማም፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱ። ዘሊካ ከጓሮ ስትመጣ ሙሀመድኑር በቆርቆሮ ውሃ ቀድቶ፣ በረጅም እንጨት እየገፋ ወደ ጉራቻ ሲያስጠጋ አየች።

«ተመልከቱ» አለ ለሰዉ። «ያበደ እንደሆነ ውሃ ይፈራል።»

ጉራቻ ጠምቶት ነበር። አንገቱን ዘርግቶ ምላሱን ወደ ውሃው ሰደደ። ቀዝቃዛው ውሃ አፉ ውስጥ እንደገባ ግን እሪ ብሎ ወደ ኋላ ተፈናጠረ።

«ያ ረቢ!» አለ ሰዉ ባንድ አፍ፤ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። አለቀ በቃ። ውሃ ፈርቷል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

«አያ ሙሀመድኑር፣ ይህን ዱላ ያስቀምጡ» አለች ዘሊካ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ የሚያውቋት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይብስ ፈሩ።

«አንቺ ገለል በይ። የሰው ሕይወት ነው።»

«አላበደም። አርጅቶ ነው። ያመዋል!»

«ውሻ ምኑን ነው የሚያመው?» አለ አንዱ ከኋላ።

እሳት ለበሰች። «ምኑን ነው የሚያመው? ነፍስ የለውም? ስንት ዓመት ከርከሮ ያባረረው በምኑ ነው? በጸሎት ነው? እናንተ ተኝታችሁ እሱ ሲጮህ ያደረበትን ማሽላ ስትበሉ አላበደም ነበር! ዛሬ እግሩ ሲከዳው፣ ዓይኑ ሲጨልም፣ አበደ? የሸበተ ሁሉ ካበደ፣ እዚህ ከቆማችሁት ስንቱ ነው የሚተርፍ?»

ሸህ አብዱልጀሊል ነጭ ጢማቸውን ዳሰሱ። «የሚጎዳ እንስሳ ይገደላል» አሉ። «ግን መጎዳቱ ይጣራ። በጥርጣሬ ነፍስ አይጠፋም።»

«ማን ያጣራው?» አለ ሙሀመድኑር። «ማን ነው አፉን ከፍቶ የሚያየው?»

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ መንደር የበሬ አፍ ያልከፈተ ገበሬ የለም። የግመል ጥርስ አይተው ዕድሜውን ይነግሩሃል። የውሻን አፍ ግን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የከፈተ የለም። ስንቱ ውሻ በጥርስ ሕመም ለሐጩን ሲያዝረበርብ አብዷል ተብሎ ተወግሮ እንደሞተ አላህ ነው የሚያውቀው። ይህ አሁን በዚህች ሰዓት ለዘሊካ ብልጭ አለላት፤ ንዴቷም ከሙሀመድኑር አልፎ በሁሉም ላይ፣ በራሷም ላይ ሆነ። ኢርፋን ከነገራት ጀምሮ እሷም አልከፈተችም ነበር።

«ጉራቻ፣ ኮቱ» አለች። ና ማለቷ ነው፤ እንደማይሰማት ታውቃለች፣ እግሯንም መታችለት። መጣ። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ራሱን በጉልበቶቿ መካከል ያዘች፣ ቢስሚላህ ብላ ከንፈሩን ገለጠች። ግማሹ ሰው ፊቱን አዞረ። አንዲት ሴት «እታለም ዘሊካ፣ በአላህ ይዤሻለሁ!» ብላ ጮኸች። ሽታው በር ድረስ ደረሰ። ከጥርሶቹ አብዛኞቹ የሉም፤ ከታች በኩል ከቀሩት አንዱ ጠቁሮ፣ ተሰንጥቆ፣ ሥሩ መግል ቋጥሮ ይወዛወዛል። ጉራቻ እየተንቀጠቀጠ ቆመ እንጂ አልነከሳትም። ይህች ሴት በሕይወቱ ሙሉ ስትሰድበው ኖራለች፤ ድምፅዋ ባይሰማው እንኳ እጇን ያመነ ይመስላል። ጥርሱን በሁለት ጣቷ ያዘችና ነቀለችው።

ተነሳች። በእጇ እንደያዘችው ሄዳ ሙሀመድኑር እግር ሥር ወረወረችው።

«ይኸውልህ እብደቱ!» አለችው። «አንሳና ቤትህ ውሰደው!»

አንተ አለችው። የባሏን ታላቅ ወንድም፣ በሰው ፊት። ሰዉ ከውሻው ይልቅ በዚህ ደነገጠ።

ከዚያ ማንቆርቆሪያዋን አወጣች፤ ሁሉም እያየ፣ እጇን በአፈር አሸች፣ አጠበች፣ እንደገና አጠበች፣ ሰባት እስኪሞላ። ቸኩላም አልታጠበች። የቀሚሷንም ጫፍ እንዲሁ። ሲያበቃ ከእሳቱ ዳር ለብ ያለ ውሃ አምጥታ በገሉ አደረገችለት። ጉራቻ አሸተተው። ምላሱን ሰደደ፣ ጠበቀ። ከዚያ ጠጣ። ገሉ ደርቆ እስኪጮህ ድረስ ላሰው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ታየ» አሉ ሸህ አብዱልጀሊል። «በሉ፣ ወደ ሥራችሁ።»

ሰዉ ተበተነ። ሙሀመድኑር ግን ጥርሱን እያየ እንደቆመ ቀረ። «ዛሬ ጨርቅ ነው የያዘው» አለ። «ነገ የልጅ እግር ቢሆንስ? የእኔን እህት አልቀበርሽም አንቺ።» መልስ አልጠበቀም፣ ሄደ። ዘሊካ እያየችው፣ ይህ ሰው አላመነም አለች። ጥርስ አይደለም ሌላም ነገር ብታሳየው አያምንም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ለሱብሂ ስግደት ውዱእ ልታደርግ በሯን ከፈተች። ጉራቻ ደጃፉ ላይ ነው። መኝታውን ትቶ መጥቶ፣ አገጩን መሬት ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ከአፍንጫው ፊት ቁራጭ ሥጋ አለ፤ ደህና ሙዳ ሥጋ። ጅራቱ መሬቱን ቀስ ብሎ መታ። ከትፊልኝ ነው የሚለው።

«ከየት አመጣኸው ደግሞ?» ብላ ገባች፤ ቢላዋን አነሳች፣ ድንጋዩን አቀረበች። ሥጋውን አንድ ጊዜ ሰነጠቀችው። ከዚያ እጇ ቆመ።

ሥጋ? ማን አረደ? ኢድ አይደለም፣ ሰርግ የለም፣ በሰሞኑ ለሞተም የታረደ አልነበረም። ሥጋውን በቢላዋ ጫፍ ፈለቀቀችው። ውስጡ በጣት ተወግቶ ተቦርብሯል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ለጅብ የሚያደርጉት መርዝ ነው። ጨፋ ሮቢት ገበያ ለሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ዓይኗ ጨለመባት። ጥርስ ቢኖረው ኖሮ! ባታስለምደው ኖሮ! ቢላዋ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ቢወርድ ኖሮ በገዛ እጇ ከትፋ፣ በገሉ አድርጋ፣ ብላ ልትለው ነበር። ይህ ሲገባት መጮህ እንኳ አቃታት፣ ዘሊካን! ሥጋውን በአገዳ አንስታ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨመረችው፣ ድንጋዩንና ቢላዋን አጠበች። ገና ስትጨርስ ከማሽላው ማዶ የሴት ጩኸት ተሰማ። የሙሀመድኑር ሚስት ሰዒዳ ናት።

ዘሊካ በማሽላው መካከል ቀጥ ብላ ሄደች። የምትናገረውን መንገድ ላይ ሁሉ ስትደረድር ነበር። እስከ ሰባት ቤት የሚደርስ ስድብ አዘጋጅታለች። የገዛ ወንድምህ ያሳደገውን፤ የወንድምህ ሚስት እጇን አፉ ውስጥ ከታ እያየህ፤ እንደ ሌባ በጨለማ፤ ይህን ሁሉ።

ሙሀመድኑር ግቢው መሐል መሬት ላይ ተቀምጧል። የሌንጮ ራስ ጭኑ ላይ ነው። እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀዋል፣ ዓይኑ ተገልጧል። ከበሩ አጠገብ ካለው ግንድ ላይ ጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ረጥቧል፣ ተበጥሷል። ሰዒዳ እያለቀሰች ነገረቻት። ማታ ሌንጮን በጠፍር አስሮት ነበር፣ እንዳይወጣ። ጎሕ ሳይቀድ ሁለት ሙዳ ሥጋ ይዞ ወጣ፤ አንዱን በጉራቻ መኝታ በኩል፣ አንዱን ለመተማመኛ መንገዱ ዳር ጣለ። ሌንጮ የጌታውን ኮቴ ሲሰማ ጠፍሩን በዚያ በነጭ፣ በብርቱ ጥርሱ በጥሶ ተከተለው። ሙሀመድኑር ዞር ሲል ውሻው መንገዱ ዳር ያለውን ውጦ ጨርሷል። ከጉሮሮው ሊያወጣለት ታገለ፣ አልሆነም።

ሰውዬው የሸሚዙ ደረት አረፋ በአረፋ ነው። እጁ እስከ አንጓው ርሷል።

ዘሊካ ከላዩ ላይ ቆመች። አዘነች? አዝናለች፤ ለሌንጮ አዝናለች፣ ምን አጠፋና። ለሙሀመድኑር ግን ያዘጋጀችውን አንድም አላስቀረችም። አፏን ሞልታ ሰደበችው። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ፤ እሷ ግን አልተወችም። «አርጅቷልና ይሙት አልክ! የጎረምሳውን ውሻህን ጥርስ እያየህ ተማመንክ! ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? አላህን ባትፈራ እንድሪስን አታፍርም? ጥርሱን እግርህ ሥር ጣልኩልህ እኮ፤ እግርህ ሥር!»

እሱ ቀና አላለም። ይሰደብ ዘንድ የተቀመጠ ይመስል ነበር። እሷ ትንፋሽ ሲያጥራት ብቻ፣ በቀስታ፣ «አፉን ከፍቼ እጄን ጨመርኩ» አለ። «እስከ ጉሮሮው። አልደረስኩበትም።»

ዘሊካ እጁን አየች። ዕድሜውን ሙሉ የውሻ አፍ ነክቶ የማያውቅ እጅ።

«ተነስ» አለችው። «ተነስ ስልህ! መርዝ ነው የያዝከው፤ አፍህን ሳትነካበት ተነስ። ሰዒዳ፣ ማንቆርቆሪያ!»

ሰዒዳ ውሃ አመጣች። ዘሊካ ነጥቃ ተቀበለቻት፤ ሙሀመድኑር እጁን ዘረጋ። አፈር በነሰነሰበት እጁ ላይ አፈሰሰችለት። ያሸዋል፣ ታፈሳለች። ፊቷ አልተፈታም።

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ» አለችው።

«አልመሰለኝም።»

«ዞር አድርገው፤ አንጓህ ጋ አለ።»

ዞር አደረገው። ማዶ ማሽላው ውስጥ ወፎች ገብተዋል፤ የሚያባርራቸው የለም።

«ጉራቻስ?» አለ ሙሀመድኑር፣ ዓይኑን ከእጁ ሳያነሳ።

«አለ» አለችው ዘሊካ። «ያመጣህለትን ሥጋ ደጄ ላይ አስቀምጦ፣ እስክከትፍለት ይጠብቀኝ ነበር።»

ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነ። ወደ ሰዒዳ መለሰችውና በመጣችበት በኩል ወደ ቤቷ ሄደች። ሙሀመድኑር ግን ሁለት እጆቹን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ።